አሥረኛው መነሣት

ቅዳሜ ጠዋት ከነገሌ ስንነሣ በበረራ ደብተሬ ላይ ዘጠኝ መነሣት ተመዝግቦ ነበር። አሥረኛው ከተልተሌ እንዲሆን ካፒቴኑ ወስኗል። ከአጭር ሜዳ፣ ሰው አሳፍሬ፣ እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እያየ። ይህን ካለፍኩ እሑድ ከሰዓት በነገሌ ላይ ብቻዬን አንድ ዙር እበራለሁ። ሰኞ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ይገባል። ከመንግሥት ትእዛዝ መጥቷል። ይመለሳል ያለ የለም።

ዘመኑ ስድሳ ዘጠኝ ነው። እኔ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ካፒቴኑ ማብረር የሚያስተምረው አንድ ተማሪ ሲፈልግ ሒሳብ ይችላል ተብዬ ተመረጥኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬ አርፎ አያውቅም። የአውሮፕላን መሪ ግማሹ በእግር ነው፤ ቀኝ ስትረግጥ አፍንጫው ወደ ቀኝ፣ ግራ ስትረግጥ ወደ ግራ። በጠዋቱ ጸሎት ላይ አግዳሚው ሥር ስረግጥ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በክርኑ ጎሸም ያደርገኛል። «ወልዴ፣ እየጸለይክ ነው ወይስ በስፌት መኪና እየሰፋህ?»

በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ካበረርኩት የመዘንኩት ይበልጣል። በየሳምንቱ መድኃኒት፣ የመጽሐፍ ካርቶንና ወንጌላዊ ጭነን ወደ ፊልቱ ወይም ወደ ተልተሌ እንሄዳለን። ስንመለስ በሽተኛ እናመጣለን። የሚሳፈር ሁሉ መጀመሪያ እኔ የምይዛት የእግር ሚዛን ላይ ይቆማል። ካፒቴኑ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ቦረናዎቹ ጉራቻ ይሉታል፣ ጥቁሩ ማለት ነው። ፊቱ እንደ ቲማቲም የቀላ ፈረንጅ ነው፤ ጥቁሩ መነጽሩ ነው።

ተልተሌ እንዳረፍን እንደ ልማዴ ሜዳውን በእግሬ ለካሁት። ስድስት መቶ አርባ እርምጃ። የመጨረሻው መቶ በሐሙስ ዝናብ ረጥቧል። ከዚያ ወዲያ የግራር ጫፍ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፤ አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ ክንፍም የሚደገፍበት ያጣል።

በሜዳው ዳር ካለ ዛፍ ሥር አንድ ሽማግሌ በእንጨት ቃሬዛ ላይ ተኝተዋል። ጃልዴሳ ይባላሉ። ልጃቸው ጎሊቻ በትሩን ተደግፎ አጠገባቸው ቆሟል። አብራን የመጣችው ድሬሰር ማሚቱ ሆዳቸውን ዳሰሰችና ቀና አለች።

«አንጀታቸው ታጥፏል። ዛሬ ነገሌ ደርሰው ኦፕራሲዮን ካልሆኑ ነገን አያዩም።»

ካፒቴኑ በእርሳሱ ሒሳቡን ሠራ። «እስከ ሃምሳ ሰባት ኪሎ ይበቃናል» አለኝ። «መዝናቸው።»

ሚዛኗን ይዤ ቀረብኩ። «ናጋ፣ አባቴ።»

«ናጋ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ይሄ የጉራጌ ልጅ ሚዛኑን ይዞ መጣ!» አለ ጎሊቻ። «አባቴ ስኳር ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ያን ጊዜ አዩኝ። «የማን ልጅ ነህ?»

«የነገሌ ባለሱቅ ልጅ ነኝ።»

«አባትህ ልጆቹን ይመዝናል?»

«ኧረ አይመዝንም።»

«ቦረናም የሚወደውን አይቆጥርም። የተቆጠረ ይጎድላል። ሂድ፣ ሚዛንህን ለቡና አድርገው።»

መለመን ነበረብኝ። አፌ ግን በትልቅ ሰው ፊት ይያዛል፣ አሥረኛው መነሣትም እየጠበቀኝ ነው። ሰውነታቸው በጋቢ ተጠቅልሏል፤ የሚታየው ፊታቸውና የእጃቸው አንጓ ብቻ ነው። ከሲታ ናቸው አልኩ ለራሴ።

«ስንት?» ሲል ካፒቴኑ ከሩቅ ጮኸ።

«ሃምሳ አምስት።»

ጻፈው።

ሽማግሌውን ከኋላ አስገባናቸው። ማሚቱ የጉሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ በግራ፣ በአብራሪው ቦታ። ካፒቴኑ በቀኝ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ።

«አስነሣ» አለኝ።

ከጠዋት ጀምሮ አላርፍ ያለው እግሬ ቀጥ አለ። ከፊቴ ሜዳው፣ ከሜዳው ጫፍ ግራሩ። ከኋላዬ የሽማግሌው ትንፋሽ። ቁልፉን ይዤ አልዞር አለኝ።

«ካፒቴን፣ ቁጥሩ የኔ ነው።»

«ምን ማለት?»

«አልመዘንኳቸውም። እምቢ አሉ። የሚበቃንን ቁጥር ነገርኩህ።»

ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ ካሰብኩት ያነሱ ነበሩ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸም።

«አውርዳቸው» አለ።

ጎሊቻ በትሩን መሬት ላይ መታ። «ታስገቡታላችሁ፣ ታስወጡታላችሁ! በግ ነው?»

በሩ ላይ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። «አባቴ፣ ልዘልዎት።»

«ሚዛኑስ?»

«እርስዎን አልመዝንም። የምመዝነው ራሴን ነው።»

ሕመሙ አፋቸውን አጣሞታል፤ ግን የአፋቸው አንድ ጠርዝ ሌላ ነገር አደረገ።

«አንተ ልጅ ሌባ ነህ» አሉ። «እዘለኝ።»

ዕድሜ ልካቸውን ከጥልቅ ኤላ፣ ከቦረና የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ከጋቢው ሥር ሌላ ትከሻ ነበር። እንዳዘልኳቸው ሚዛኗ ላይ ወጣሁ። እሳቸው ነገሩ እንደማይመለከታቸው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ማሚቱ ጠርሙሱን እንደያዘች ጎንበስ ብላ አነበበች።

«መቶ ሠላሳ አንድ።»

ጠዋት ነገሌ ላይ ሃምሳ ሰባት ነበርኩ። እሳቸው ሰባ አራት ኪሎ ናቸው። ከሚበቃን በአሥራ ሰባት ይበልጣል።

መልሰን አስተኛናቸው። ካፒቴኑ ጉልበቱ ላይ ደመረ፣ ቀነሰ። ነዳጁ ለነገሌ የሚበቃው ያህል ብቻ ነው። ሚዛኗ ብትቀር ስድስት፣ ባዶ ሣጥኖቹ ቢቀሩ ሦስት። ገና ስምንት ኪሎ ይተርፋል። በምዕራብ ደመናው መከመር ጀምሯል፤ እስኪበርድ ብንቆይ ደግሞ ይመሽብናል፣ ነገሌ ሜዳ ላይ መብራት የለም።

«የዛሬ አብራሪ አንተ ነህ» አለኝ። «ወስን።»

በመጀመሪያ ያየሁት ማሚቱን ነው። አልደብቀውም።

«እኔን አትየኝ» አለች። «መርፌው ከደም ሥራቸው ቢወጣ የምትመልሰው አንተ ከሆንክ አሁኑኑ እወርዳለሁ።»

ካፒቴኑን አየሁት። ከፊቱ ምንም አላገኘሁም።

«ሚዛኗ ትቅር» አልኩ። «ሣጥኖቹም። እኔም።»

«ወደ ያቤሎ የሚወስድ መኪና መቼ አለ?»

ጎሊቻ መለሰለት። «ማክሰኞ።»

«እሑድ...» ብሎ ጀመረ ካፒቴኑ። አልጨረሰውም። ወደ ግራው ወንበር ተሻግሮ ቀበቶውን አሰረ። ከዚያ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ጨበጠኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጨብጦኝ አያውቅም።

ሜዳው ዳር ቆምኩ። ሞተሩ ሲጮኽ እግሬ ጀመረ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ መሬቱን ይረግጣል። ካፒቴኑ ፍሬኑን እንደያዘ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ከዚያ ለቀቀ። ሦስት መቶን አለፈ። አራት መቶ። አምስት መቶ። እርጥቡ ላይ ሲገባ ጎማዎቹ ጭቃ ረጩ። ተነሥ፣ ተነሥ እላለሁ ጥርሴን ነክሼ። ተነሣ። የግራሩ ቅጠል ከሥሩ ተንዘፈዘፈ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ አነሰ።

የጎማውን ፋና ተከትዬ ሄድኩ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ፋናው አለቀ። እስከ ሜዳው ጫፍ ሃያ ስምንት ይቀራል። ከጫፉ ተመልሼ ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ ስምንት።

ጎሊቻ ከኋላዬ ነበር። «ምንድን ነው የምትቆጥረው?»

«ሜዳውን።»

«እኔ እኮ አብራሪ መስለኸኝ ነበር። ጭነት ነበርክ እንዴ?»

«ዛሬ ጭነት ነበርኩ።»

ሚዛኗ ወዳለችበት ተመለስን። ሽማግሌውን ተሸክመው ያመጡት ሰዎች ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ርቀዋል። ጎሊቻ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባቴ ስንት ሆነ?»

«እሳቸውን አልመዘንኳቸውም። የተመዘንኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ። አንተ ስንት ሆንክ?»

«መቶ ሠላሳ አንድ።»

ከጫማዬ እስከ አንገቴ ተመለከተኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሲስቅ አላየሁትም ነበር፤ በበትሩ ተደግፎ ሳቀ።

«ታዲያ እስከ ማክሰኞ ምን አብልተን እንችልሃለን?»

ሚዛኗን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወደ መንደሩ መንገድ ጀመረ። ተከተልኩት፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ።