ከጠረጴዛው ማዶ

ልብስ ሰፊው ከልጁ ትምህርት ቤት ሲጠሩት ሊያመሰግኑት መስሎት ነበር። የጀመረውን ሱሪ እንዳለ ጥሎ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ማውለቅ እንኳ ረስቶ በረረ። ለምን አይበር? አንደኛ ክፍል ከመግባቷ አባቷን የምታስጠራ ጎበዝ የወለደ ሰው ነዋ!

“የድንቡሼ አባት፣ አይቀየሙኝ” አለች መምህርቷ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ወንበር ስባ እያስቀመጠችው። “ልጅዎ አንድ ፊደል እንኳ አትለይም። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዝም። መጽሐፍ ስሰጣት ዝም። ከሰኞ ጀምሮ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ብትመለስ ይሻላታል።”

ክው አለ። ድንቡሼ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ጫማዋን ታያለች።

“የኔ ልጅ? ኧረ ተሳስተው ይሆናል! ቤት እኮ ለጆሮዬ እረፍት አትሰጥም። ስታነብ ውሃ እኮ ናት!”

“እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩዎት።”

ሰውየው አልዋሸም። ልጅቷን ራሱ ነው ያስተማራት። ገና ድክ ድክ ስትል ጣቷን የስፌት መኪናው መርፌ ሥር ልትሰድ ለጥቂት ተረፈች፤ ያን ቀን ነፍሱ ወጥታ ነው የተመለሰችው። ወዲያው ጠመኔውን አንስቶ ጠረጴዛው መሀል ላይ መስመር አሰመረ። “ከዚህ ወዲህ ዝር እንዳትዪ! ሰማሽ?” ሰማች። ፊደል ስትጀምር እሱ በመኪናው በኩል፣ እሷ ከማዶ በርጩማዋ ላይ አገጯን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ መጽሐፉ በመሀል ሆነ። እሱ ከስፌቱ ቀና እያለ በጠመኔው ጫፍ ይጠቁማል፣ እሷ ታነበንባለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ምናለ አቅፈሃት ብታነቡ?” ትለዋለች። “መርፌው እንዲያገኛት ነው?” ይላል። መጽሐፉም እንዳይጠፋ ተብሎ ከዚያ ጠረጴዛ አይነሳም። ድንቡሼ ደግሞ አመል አላት፤ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጭንቅላቷን ቁልቁል ዘቅዝቃ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ስታይ ትውላለች። “ዝንጀሮዬ” እያሉ ይስቁባታል።

መምህርቷ ድንቡሼን ጠርታ መጽሐፍ ሰጠቻት። “በይ የኔ ቆንጆ፣ ለአባባ አንብቢለት።”

ድንቡሼ መጽሐፉን ገልብጣ ያዘችው።

“ይኸው! አያያዙንም አታውቅ” አለች መምህርቷ፣ እያቃናችላት። “ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ቀልድ ይመስላታል።”

ልጅቷ ገጹን አየችው። አንድ ፊደል እንኳ አልወጣትም።

የአባትየው ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ታዲያ ያ ሁሉ ንባብ ምን ነበር? እሱ ያለውን በቃሏ እየያዘች ስታታልለው ኖራለች? አፈረ፤ ማፈሩ ደግሞ አናደደው።

“ወዲህ አምጪው!” ብሎ ነጠቃት። በለመደ እጁ የመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ወደ ራሱ አዙሮ ዘረጋው። “በይ እስቲ፣ ይኼ ምን ይላል?”

ድንቡሼ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከማዶ ቆማ አገጯን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ከዚያ አንበለበለችው። ጥንቸሏን፣ ጉድጓዱን፣ ዝናቡን፣ ሁሉንም። ስትጨርስ፣ “ግለጠው” አለች።

መምህርቷ ወደ ገጹ ጎንበስ አለች። “ቆይ... ቆይ እስቲ። መጽሐፉ እኮ የዞረው ወደ እርስዎ ነው!”

“እና?”

“እናማ ልጅቷ የምታነበው ተገልብጦ ነው!”

ገና ከካርቶን ያልወጣ አዲስ መጽሐፍ አመጣች። አቅንታ ስትሰጣት ዝም። ስትገለብጥላት እንደ ዶፍ አወረደችው!

“ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?” አለች መምህርቷ።

“ሳዞረው ይቆጡኛላ” አለች ድንቡሼ።

ልብስ ሰፊው አሁን ገባው። የአልጋው ዝንጀሮ፣ ካላንደሩ፣ የሚስቱ ንግግር አንድ ላይ መጡበት። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስተምራት አንዴ እንኳ ተነስቶ በእሷ በኩል አላየም። “ወይ እኔ! እኔው ነኝ ጉድ የሠራኋት!” ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ።

“ሰኞ የትም አትሄድም፤ እዚሁ እኔ ጋ ናት” አለች መምህርቷ። “ዓይኗ ቶሎ ይለምዳል። ብቻ እርስዎ፣ እባክዎ፣ ከጎኗ ይቀመጡ።”

ቤት እንደገቡ መርፌውን ከመኪናው ፈትቶ ኪሱ ከተተው። መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀመጠና፣ “ነይ፣ እዚህ ጋ” አላት።

ድንቡሼ መጥታ ጠረጴዛው መሀል ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች።

“ነይ እንጂ!”

“መስመሩስ?”

“የቱ መስመር?”

ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎተተችው። “ይኸው።”

ቢያይ፣ ቢያይ፣ ምንም የለም። የጠመኔው መስመር ከጠፋ ስንት ጊዜው! እሱም ጭራሽ ረስቶታል። ልጅቷ ግን አንድም ቀን አልተሻገረችውም። እንባው ቀደመው፤ ብድግ አለና በጠረጴዛው ላይ አሻግሮ አቀፋት።