ቁጥር የሌለው በር

ቀለም ቀቢ ነኝ። በሰፈራችን በር ሁሉ ላይ የቤት ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእኔ ክፍል ግን ከአክስቴ ጓሮ የተለጠፈች ስለሆነች ቁጥር የላትም። አዲሱ ቀጣሪዬ ደግሞ "እስከ ዛሬ ማታ የባንክ ሒሳብ ካልከፈትክ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" ብሎኛል።

ባንኩ ውስጥ ያለው ሰልፍ አይጣል ነው። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሲሰለፍ ጺሙን ተላጭቶ ነበር፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጺሙ ደረቱን ይጠርጋል።

"የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ?" አለችኝ ሠራተኛዋ።

"እህቴ፣ ቤት አለኝ። የሌለኝ ቁጥር ነው።"

"ቁጥር ከሌለው ቤት አንለውም።"

"ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ያፈሰሰብኝ ምንድን ነው?"

ፈገግ እንኳ አላለችም። "ቁጥሩን በዓይኔ ሳላይ አልከፍትም!" አለች።

እልህ ያዘኝ። እየሮጥኩ ቤት ሄጄ በሬ ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤ በሩንም ነቅዬ ተሸከምኩት። አክስቴ "አንተ ልጅ፣ ለየልህ?" እያለች እስከ መንገድ ተከተለችኝ። ከጥበቃው ጋር ተጨቃጭቄ፣ የሰው ትከሻ ገጭቼ፣ በሩን መስኮቱ ፊት አቆምኩት።

"ይኸውና ቁጥሩ!"

ሠራተኛዋ አንገቷን አስግጋ አነበበችው።

"ቁጥሩስ ደህና ነው" አለች። "ግን በሩ እዚህ ከሆነ እርስዎ የሚኖሩት የት ነው?"

በሩን ደግፌ ላስረዳት ስል የሥራ ሰዓት አለቀና ጥበቃው ከነበሬ አስወጣኝ። ለቀጣሪዬ ብደውል "ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አክስቴ ባዶው ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ሥራውስ?"

"ሄደ" አልኳት። "ነይ፣ በሩን ያዢልኝ።"