ያረጀችው ፍሬሰላም

ጀማነሽ ካዛንቺስ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ጀርባ፣ አንድ አሮጌ ቪላ ሙዚየም ሆኖ መከፈቱን ሰምታ በምሳ ሰዓት ብቻዋን ገባች። ቤቱ ዕድሜ ልካቸውን ሥዕል ሲሰበስቡ የኖሩ ነጋዴ ቤት ነበር። ሲሞቱ ልጃቸው አምኃ ስብስቡ እንዲበተን አልፈለገም፤ ሳሎኑንም መኝታ ቤቶቹንም ለጎብኚ ከፈተው። ሌላ ጎብኚ አልነበረም። የጣውላው ወለል በተራመደች ቁጥር ይንቋቋል።

የመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ እህቷን አየቻት።

ፍሬሰላም በቀይ ሽብር ዘመን ቂርቆስ ካለው ቤታቸው ስትወሰድ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አልተመለሰችም፤ አስከሬኗም አልተገኘም። እናታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ "ልጄ አልሞተችም" ብለው ተዝካር እንዳይወጣላት ከለከሉ።

ሥዕሉ ላይ ያለችው ግን ሃምሳ የደፈነች፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት። በልጅነቷ ከአጥር ወድቃ ለሁለት የተከፈለው ቅንድቧ እንዳለ አለ።

ጀማነሽ ተከትሏት ወደገባው ወደ አምኃ ዞረች። "ይቺ ሴት የት ነው የምትኖረው?"

አምኃ ወንበር ሳበላት። "እንዴት ልበል... ሠዓሊዋ የአባቴ ወዳጅ ነበረች፤ አምና አረፈች። በደርግ ጊዜ ታስራ ነበር። ከክፍሏ በሌሊት ተጠርተው የተገደሉትን ነበር የምትስለው። በየጊዜው ሥዕሉን እያወረደች ሽበት ትጨምርላቸዋለች፣ ፊታቸውን ታጨማድደዋለች። ‘ብቻዬንማ አላረጅም’ ትል ነበር።"

"ይቺም... ያኔውኑ?"

"አዎ፣ እትዬ። ያኔውኑ።"

ቅዳሜ ጀማነሽ እናቷን ይዛ መጣች። እዚያው ሥዕሉ ፊት እውነቱን ልትነግራቸው ቆርጣለች፤ ታክሲ ውስጥ የምትናገረውን በሆዷ ስታጠና ነበር።

ወይዘሮ አልጋነሽ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የተሳለውን ጉንጭ ዳበሱ። አምኃ አልከለከላቸውም።

"አረጀሽ እኮ፣ ልጄ" አሉ በቀስታ። ዞር ሲሉ ፊታቸው በርቷል። "አላልኳችሁም? አለች! እንደኔው ሸብታለች!"

ጀማነሽ ያጠናችውን ተወችው። አምኃን አየችው፤ አቀረቀረ።

"አዎ፣ እማዬ" አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይሄዳሉ። እናትየው ከሥዕሉ ፊት ተቀምጠው የሰፈሩን ወሬ ያወሩላታል፤ ማን እንዳገባ፣ የማን ቤት እንደፈረሰ። ጀማነሽ በር ላይ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ወይዘሮ አልጋነሽ ጠሯት።

"ነይማ እስቲ እያት። ከሰሞኑ ከስታለች። ማን ነው የሚያበላት?"

ጀማነሽ መጥታ እጃቸውን ያዘች። ቀና ብላ ሥዕሉን ለማየት ግን አልደፈረችም።