አበባው ቀልቷል

ንቦቹ የአባቴ ናቸው። የባሌ አይደሉም፤ የወንድሙ ደግሞ ጭራሽ! አባቴ ሲሞት የተወልኝ እነሱን ብቻ ነው። ባሌ ግን «ንቦቼ» ይላል፤ እኔም ለሰላሜ ብዬ ዝም እላለሁ።

ያን ሰሞን ዝናቡ አላባራ ብሎ ንቦቹ ማራቸውን ጨረሱ። በስኳር ውሃ ነበር ያቆየናቸው፤ እሱም እያለቀ ነው። ቶሎ አበባ ካላገኙ ማለቃቸው ነው። ባሌ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ መንገድ ዳር የተተከሉት ቼስትነት የሚባሉት የፈረንጅ ዛፎች ትዝ አሉት። የቼስትነት አበባ መሃሉ ላይ ነጥብ አለው። ነጥቡ ቢጫ ሲሆን አበባው ወለላ አለው፣ ስኳሩም ወፍራም ነው። ሲቀላ ግን ወለላው አልቋል፤ ንብ ዞር ብላም አታየው።

ባሌ ከተወለደ ጀምሮ ቀይና ቢጫ አይለይም። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ቀፎዎቻችንን በመኪናው የሚያመላልሰው ታናሽ ወንድሙ፣ ሾፌሩ ነው። ስለዚህ ባሌ የሚያምነው የስኳር መለኪያውን ብቻ ነው። የአበባውን ወለላ ጠብታ ያስነካዋል፣ ወደ ብርሃን ይዞ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይናገረዋል!

ሾፌሩ ቀድሞን ሄዶ የታችኞቹን ቅርንጫፎች አበባ በእኛው የስኳር ውሃ ቀብቶታል። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። ባሌ ለካና «ወይ ጉድ! ስኳር ብቻ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔ ቀና ብዬ ሳይ አበባው ሁሉ ቀልቷል። አንዲት ንብ እንኳ የለችበትም።

«ቀልቷል እኮ፣ አልቋል» አልኩት።

«መሣሪያው ይዋሻል?»

«እኔን ካላመንክ ወንድምህን ጠይቀው።»

ሾፌሩ ሽቅብ አየ። ሳቁን አፍኖ «ቢጫ ነው ወንድሜ፣ የእንቁላል አስኳል በለው» አለ።

«ሰማሽ? ምቀኛ!» አለኝ ባሌ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ።

ቀፎዎቹን አምጥተን ከዛፎቹ ሥር አራገፍን። የቀረውን የስኳር ውሃ እንስጣቸው ስለው «እዚህ ሁሉ ወለላ መሃል ተቀምጠው?» ብሎ ጀሪካኑን ደፋው። እጁን ይዤ ለመንኩት። ማን ሰምቶኝ! ቀፎ ልክፈት ስለውም «እየሠሩ ነው፣ አትበጥብጫቸው» ብሎ ከለከለኝ።

ከቀናት በኋላ በመጨረሻ ራሱ ከፈተው። ንቦቹ በባዶው ሰፈፍ ቀዳዳ ውስጥ ጭንቅላታቸውን እንደቀበሩ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ሲፈልጉ ሞተዋል። ሁለተኛውም ያው፣ ሦስተኛውም ያው። እዚያው መንበርከኬን አስታውሳለሁ።

ሾፌሩ መኪናውን ተደግፎ ቆሞ ሳለ ሳቁ አመለጠው። «ኧረ ቀልድ ነበር! አበባውን ስኳር የቀባሁት እኔ ነኝ። ትነቃብኛለህ ብዬ እኮ ነው!»

የባሌ ፊት ጠቆረ። ይመታዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታውም ደስ ባለኝ። እሱ ግን ወንድሙን አየ፣ ቀፎውን አየና ሳቀ። መጀመሪያ በግዱ፣ ቀጥሎ ከልቡ። «ይሄ ሰይጣን፣ ሸወደኝ እኮ!» እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ተቃቅፈው ሳቁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ፊትሽን ያስኮሳትርሻል? ለንብ ብለሽ ወንድሜን ልታኮርፊው ነው? በይ ተነሽና ጥረጊያቸው። የቀፎ ሣጥኖቹን እሱ ይወስዳቸዋል፣ ዶሮ ያረባባቸዋል።»