የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

እትዬ ቅጽ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ወዳለው ስልክ ስትደውል የዶክተሩ ኪስ ውስጥ ጮኸ።

«ይቅርታ» አለና አውጥቶ ዘጋው።

እትዬ ቅጽ ሁለተኛውን ቅጽ ሳበች፣ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ደወለች። የዶክተሩ ኪስ እንደገና ጮኸ።

«ማነው ደግሞ ዛሬ እንዲህ የሚነዘንዘኝ?»

«እኔ ነኝ ዶክተር።»

ስልኩን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ። ጠረጴዛው ፊት ተኮልኩለው ከቆሙት ተማሪዎች አንዷ ሳቋን በእጇ አፈነች። የሦስተኛው ቅጽ ስልክም እዚያው እጁ ላይ ጠራ። የአራተኛውም። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያልኳቸው» አለ ዶክተሩ። «ጊዜ እንዳይፈጅ ብዬ። ሁላችሁም ተጠሪ እኔን አድርጉ አልኳቸው። ምን ችግር አለው? መምህራቸውም የጉዞው መሪም እኔው ነኝ።»

«እርስዎ የት ነው የሚሆኑት?»

«ከነሱ ጋር ነዋ!»

«በአንድ መኪና?»

«በአንድ መኪና።»

«መኪናው ቢገለበጥ ማን ጋ ልደውል?»

ዶክተሩ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «የውጭ ጉዞ ጤናና ደኅንነት ክፍል» ይላል። ተማሪው ግን «እትዬ ቅጽ ጋ» ነው የሚለው፤ ስሙ ሲወጣላት ለመሳለቅ ነበር፣ እሷ ግን ወደደችው። ከዩኒቨርሲቲው ወደ ውጭ አገር ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ፕሬዚዳንቱም ቢሆን፣ በዚህች ክፍል ያልፋል። ክትባቱን ታያለች፣ ኢንሹራንሱን ታያለች፣ የሚያድርበትን ቦታ ትጠይቃለች። ከዚያ ተጓዡ ፊቷ ቆሞ እያለ የጻፈውን የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ ትደውላለች። ወዲያ ማዶ ሰው አንሥቶ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ካላለ አትፈርምም።

«ኮሪደር ውጡ» አለቻቸው። «እውነተኛ ሰው ፈልጋችሁ ተመለሱ። እዚህ የሚቀር፣ ስልክ የሚያነሣ፣ ለእናንተ ሲል ከሞቀ አልጋው የሚወርድ።»

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ዲኑ ደወለ።

«እትዬ፣ ምነው ልጆቹን አገትሻቸው? አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል እኮ!»

«ይውጣ። ባዶውን ይቀለዋል።»

«ነገሩን አታክብጂው እንጂ። አንዲት መስመር ናት።»

«አንዲት መስመር ናት፤ እሷን ነው ያልሞሉት» አለችና ስልኩን በቀስታ አስቀመጠች።

ይህን ግትርነት ትምህርት ቤት አልተማረችውም። ታናሽ ወንድሟ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። ጠርሙስ ሲያጥብ የሚያፏጭ፣ ቤት ውስጥ እንኳ የስኳሩን ዕቃ «ስኳር»፣ የጨውን «ጨው» ብሎ ከነቀኑ ጽፎ የሚለጥፍ ሰው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሐይቅ ውሃ ናሙና ሊሰበስብ ከአንድ መምህር ጋር ድንበር ተሻገረ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ወባ ጣላቸው። ሐኪም ቤቱ ወረቀቱን አገላብጦ ወንድሟ ተጠሪ ብሎ ወደጻፈው ስልክ ደወለ፤ ስልኩ ከጎኑ ያለው አልጋ ራስጌ ላይ ጮኸ። የመምህሩ ነበር። መምህሩ ራሱን አያውቅም። በአምስተኛው ቀን ሲነቃ ነው ለቤተሰብ የተነገረው፤ ወንድሟ ካረፈ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። በነዚያ ቀናት እሷ ልብስ አጥባለች፣ ጎረቤት ቤት ገብታ ተጫውታለች፣ ስቃለች። ሞቱን እያደር ለመደችው። ያን ሳቋን ግን እስከ ዛሬ አልለመደችውም።

ያኔ ሬጅስትራር ቢሮ ታይፒስት ነበረች። የጉዞ ደኅንነት ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ራሷ ተማረችው፤ ነርሶችን እየጠየቀች፣ የመድኃኒት ወረቀቶችን እያነበበች፣ የሌሎች አገር ዩኒቨርሲቲዎችን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታች። የመጀመሪያውን ቅጽ ጽፋ ፕሬዚዳንቱ በር ላይ ሁለት ቀን ቆመች። ከዚያ ወዲህ ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሰው በእሷ ፊርማ ወጥቷል። አንድ የተሰበረ እግር፣ አራት ወባ፣ አንድ የእባብ ንክሻ፣ ፓስፖርቱን ፍየል የበላበት አንድ ፕሮፌሰር። ሁሉም ተመልሰዋል። የልጁን መታመም ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ የሰማ ቤተሰብ የለም። ቁጥሩን ለማንም አታወራም፤ ግን ወር በገባ ቁጥር መዝገቡን ገልጣ ታየዋለች።

ኮሪደሩ በስልክ ወሬ ሞላ። ረጅሙ ተማሪ ግድግዳውን ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

«እማ… ያው ለጥናት ትንሽ ራቅ ብዬ እሄዳለሁ ያልኩሽ… አዎ፣ ውጭ አገር ነው… ተራራ ነው። አዎ፣ የሚጨሰው። አይ፣ ሁልጊዜ አይጨስም!»

የእናቱ ጩኸት ቢሮው ድረስ ተሰማ። ልጁ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ገባና ለእትዬ ቅጽ ዘረጋላት።

«እርስዎን ስጠኝ አለች።»

«እናቱ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ካልፈለጉ አሁኑኑ ላስቀረው እችላለሁ።»

ማዶ ያሉት ሴት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሌሎቹ ልጆች ይሄዳሉ?»

«ይሄዳሉ።»

«ታዲያ የኔው ከማን አንሶ ነው የሚቀረው!» አሉ እናትየው። «የኔን ስልክ ይጻፉ። መጥቼ እሸኘዋለሁ፤ ጆሮውንም እቆነጥጠዋለሁ።»

ቀጥላ የገባችው ተማሪ ቅጹን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔ እዚህ ዘመድ የለኝም። አከራዬን ብጽፍስ?»

«ትወድሻለች?»

«እኔ እንጃ። ካመሸሁ በር ላይ ቆማ ትሰድበኛለች።»

«ትበቃለች። ጻፊያት።»

ሰባት ሰዓት ላይ አሥር ቅጾች ተፈርመው ተደረደሩ። የቀረው አንድ ነበር፤ የአንዲት ልጅ።

ልጅቷ የዚያ የሞተው የእትዬ ቅጽ ወንድም ልጅ ናት። እናቷን በሕፃንነቷ አጣች፤ አባቷ ሲሞት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ያሳደገቻት እትዬ ቅጽ ናት። አባቷ እህቱን «እታለም» ይላት ስለነበር ልጅቷም እንደዚያው ነው የምትጠራት። አሁን የሥነ ምድር ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ከክፍሏም አንደኛ ናት። ሦስት ሳምንት እሳተ ገሞራ ላይ ወጥተው ጋዝ የሚለኩትን ተማሪዎች ዶክተሩ ሲመርጥ መጀመሪያ የጻፈው የእሷን ስም ነው።

የዶክተሩን ስልክ ያልጻፈችው እሷ ብቻ ነበረች። እትዬ ቅጽ ግን ዓይኗ ያረፈው ተጠሪው ላይ ሳይሆን የጤናው ገጽ ላይ ነው። «አስም» ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ተብሎ ተጽፏል።

ተነሥታ በሩን ዘጋች። ክፍሉ ውስጥ ዶክተሩ፣ ልጅቷ፣ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የሥራ ባልደረባዋ ቀሩ፤ ድሮ ነርስ ስለነበር አሁንም ነርሱ ነው የሚባለው።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለች ልጅቷ።

«አስም የለብሽም?»

«ካልተነሣብኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ፣ እታለም።»

«መቼ ተነሣብሽ አላልኩም።»

ልጅቷ ወለሉን አየች። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ።

«አስም? ጭስ ልትለኪ? ደብቀሽኝ ነው?» እጁን ወደ እትዬ ቅጽ ዘረጋ። «አየሽ፣ ይኸው ነው። ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ያንቺን ኃላፊነት መሸከም አልችልም። ትቅር።»

እትዬ ቅጽ «እሺ» ብትል ያልቅ ነበር። ማንም አይወቅሳትም፤ ልጅቷ እንኳ የምትቀየመው ዶክተሩን ነው። የጉዞውን ነገር ከሰማችበት ቀን ጀምሮ በልቧ ስትመኘው የከረመችው ይህንኑ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲከለክልላት። አሁን ተመኝታ ያገኘችው ነገር ፊቷ ቆሞ ሲታይ አስቀየማት።

ልጅቷ እጇን ሰደደችና ቅጹን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። እስኪሪብቶ ወሰደች። «የለም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች፣ «አለ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ መጨረሻ የተነሣባትን ወርና ቀን አስከትላ ጻፈች። መልሳ አስቀመጠችው።

«ይኸው» አለች። አንገቷን አልደፋችም። «ከቀረሁም በእውነቱ ልቅር።»

እትዬ ቅጽ የጻፈችውን አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ ከተፈረሙት ክምር ሥር የዶክተሩን የራሱን ቅጽ አወጣች፣ ለእሱ ብቻ እንዲታይ አዙራ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ይህቺን በልብዎ ያንብቡልኝ።»

ዶክተሩ አነበበ። ጆሮው ቀላ።

«እሱማ… በቀን ሁለት ክኒን ነው። ይኸው ዓመታት ሠርቼበታለሁ።»

«አስቀረሁዎት?»

«አላስቀረሽኝም።»

«ምን አደረግሁ?»

«ክኒኑን ሁለት ቦታ ያዝ አልሽኝ። ተራራው ላይ ከመውጣቴ በፊት ደም ግፊቴን እንድለካ…» ቆመ። መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ይህ ገጽ ሰው ማባረሪያ አይደለም ዶክተር። ማባረሪያ ከመሰለ ሁሉም ይዋሻል፤ ዛሬም የዋሸችው ለዚያ ነው። እሱ የኔም ጥፋት ነው።» ወደ ጥጉ ዞረች። «ነርሱ፣ ና እስቲ።»

ነርሱ ወንበሩን እየጎተተ መጣ። ልጅቷን ደረቷን አዳመጣት፣ አስተነፈሳት፣ ደረጃውን ሁለቴ አስወጥቶ አስወርዶ እንደገና አዳመጣት።

«ከኔ ይሻላል ሳንባዋ» አለ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሠሩ። ልጅቷ ወደ ክሊኒኩ ሮጣ ሐኪሙ ጉዞውን እንደፈቀደላት የሚገልጽ ደብዳቤ አመጣች። በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ሁለት ሆነ፤ አንዱ በእሷ ቦርሳ፣ አንዱ በዶክተሩ። አከራይዋን የጻፈችው ተማሪ አስሙ ቢነሣ ልጅቷን እንዴት እንደምትረዳት ነርሱ እያሳያት ሦስት ጊዜ ደገመችው። ነፋሱ ጭሱን ወደ እነሱ በሚያመጣበት ቀን ልጅቷ አትወጣም፤ ታች ድንኳኑ ውስጥ የመጣላትን ቁጥር ትመዘግባለች። ኦክስጅን ያለው ሐኪም ቤት ከሰፈሩ አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እትዬ ቅጽ ባለፈው ሳምንት ደውላ አረጋግጣለች፤ ለማንኛውም ጉዞ የምታደርገው ነው። ሁሉም ተጻፈ። ዶክተሩ ከታች ፈረመ።

«እውነቱን ልንገርሽ እትዬ» አለ፣ «እኔ ሰው የምታስቀሪ ነበር የምትመስዪኝ።»

«ስድስት መቶ አርባ ሁለት ሰው ልኬያለሁ» አለች። ይህን ቁጥር ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

ዶክተሩ ተማሪዎቹን ሊሰበስብ ወጣ። እትዬ ቅጽ ልትፈርም እስኪሪብቶ አንሥታ ተጠሪ የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጅቷ የጻፈችው የእሷን ስልክ ነው።

«ምን ሆነ?» አለች ልጅቷ።

«የራሴው ደንብ ነው። የጉዞውን ተረኛ ስልክ የያዘ ሠራተኛ በዚያ ጉዞ የማንም ተጠሪ መሆን አይችልም።»

ደንቡን ያወጣችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተረኛው ክፉ ነገር ሲሰማ አውሮፕላን ይፈልጋል፣ ከሐኪም ቤት ይከራከራል፣ ቤተሰብ ያረጋጋል። የገዛ ልጁ የታመመችበት ሰው ይህን ሁሉ አይችልም። ተረኛ ስልኩን ደግሞ ክፍሉ ከተቋቋመ ጀምሮ ከእሷ በቀር የያዘው ሰው የለም፤ ሰርግ ቤት ይዛው ገብታለች፣ ጥርሷን ስታስነቅል እንኳ እጇ ላይ ነበር።

«ሌላ ሰው ልጻፍ?» አለች ልጅቷ በቀስታ።

«ማንን?»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ውጭ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። በመስኮቱ የረጅሙ ተማሪ እናት የልጃቸውን ጆሮ ይዘው ሲስሙት ይታያል።

እትዬ ቅጽ መሳቢያውን ከፈተች። ተረኛ ስልኩን ከነቻርጀሩ አውጥታ ነርሱ ፊት አስቀመጠችው።

«ሦስት ሳምንት ያንተ ነው።»

ነርሱ ስልኩን ሳይነካ አየው። «እኔ? ጥርስሽን ስትነቀዪ እንኳ እምቢ ያልሽኝ?»

«አሁን ሰጠሁህ። ቻርጅ እንዳያልቅብህ። ደግሞ ምናልባት እኔ ጋ መደወል ቢኖርብህ፣ እንዴት ዋልሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው እያልክ እንዳትዞረኝ። ነገሩን ቀጥ አድርገህ ንገረኝ።»

«እሺ።» ስልኩን አንሥቶ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው። ያ ሁሌ የሚቀልድ ሰው አልቀለደም። «እሺ፣ እነግርሻለሁ።»

ቅጹንና እስኪሪብቶውን ወደ እሱ ገፋችለት።

«እንግዲህ አጣራና ፈርም። እኔ የልጅቷ ቤተሰብ ነኝ።»

ነርሱም በደንቡ መሠረት ደወለ። እትዬ ቅጽ የቦርሳዋ ስልክ ሲጮህ አውጥታ አነሣችው፤ አጠገቡ ቆማ «አዎ፣ አውቃታለሁ» አለች። ፈረመ። ከዚያ የልጅቷን ሻንጣ በአንድ ወገን ያዘች፣ ልጅቷ በሌላው፣ ወርደው አውቶቡሱ ጋ ከቆሙት እናቶች መካከል ገቡ።