ተቀበል ያለችኝ ልጅ

«ባትሄድ ምን ይልሃል?» አለችኝ ሚስቴ የሺወርቅ። ነገሩ የእሷ አይደለም፤ ልጃችን ፍቅርአዲስ ናት የላከቻት። ልጅቱ ደባርቅ ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ ለጓደኞቿ «አባቴ አምባራስ መንደር ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነው» ስትል ኖራለች። እኔ ደግሞ አዝማሪ ነኝ። አባቴም አዝማሪ፣ አያቴም አዝማሪ። የዳባት ሰርገኛ ሁሉ ውዱ ይለኛል፤ ገብረ ሚካኤል የሚለውን የመዝገብ ስሜን ከቤቴ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ እኔን መደበቅ አልከበዳትም።

ኮሌጁ በየቅዳሜው ከሰዓት በነፃ ሙዚቃ ያሰማል። ትንሽ አዳራሽ፣ ሁለት ሦስት ተጫዋች፤ ድምፅ ማጉያ የለ፣ ጭፈራ የለ። አንድ ቅዳሜ ቫዮሊን ይሆናል፣ አንድ ቅዳሜ ዋሽንትና ክራር። አሁን ተራው የመሰንቆ ሆነና አዘጋጁ መምህር ቢራራ እኔን ጠራኝ።

«ባትሄድ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። እንግዲያማ የምሄደው አሁን ነው! በመሰንቆ በልታ፣ በመሰንቆ ለብሳ፣ በመሰንቆ ተምራ! ወይ በሰው ፊት «አባቴ ነው» ትበለኝ፣ ወይ ዓይኔን እያየች ትካደኝ። ሚኒባስ የተሳፈርሁት ይኸን ይዤ ነው፤ ለሙዚቃውማ ማን ግድ አለው።

ቢራራ በር ላይ ተቀበለኝ። «ጋሽ ውዱ፣ እዚህ አድማጩ ዝም ብሎ ነው የሚሰማዎት። ግጥም መስጠት፣ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ የለም። ሲያልቅ ያጨበጭባሉ» አለኝ።

«ታዲያ ምኑን ጨዋታ ሆነ?» አልሁት። ሳቀብኝ።

ፍቅርአዲስ ከጓደኛዋ ከዓለምዬ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። ስታየኝ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ተጫወትሁ። አንድ ሰው ትንፍሽ አይልም! ለግድግዳ የምዘፍን መሰለኝ። ሁለተኛውን ዜማ ስጀምር ዓይኔን ልጄ ላይ ተከልሁ፤ እንዳልነቅለውም ማልሁ።

ዓለምዬ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ይኼ ሰውዬ ምን አፈጠጠብሽ? ደግሞ እኮ አፍንጫችሁ አንድ ነው!» አለቻት። አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ሰማሁ። የልጄ ፊት አመድ መሰለ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ንዴቴ አላስቆመኝም። «ምነው እናንተ! ተቀበል የሚል ጠፋ? የተማረ ሰው ግጥም አይሰጥም?» ብዬ ጮህሁ። ቢራራ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አላየሁትም። በእኛ ሙያ አድማጭ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ከሰጠ አዝማሪ ሳይጨምር ሳይቀንስ መዝፈን ግዴታው ነው። ስድብ ቢሆንም፣ የሚሰደበው ራሱ ቢሆንም። አባቴ «ያልተቀበለ አዝማሪ መሰንቆውን ይስበር» ይል ነበር።

«ተቀበል!» አለች አንዲት ሴት። ፍቅርአዲስ ናት፤ ብድግ ብላ ቆማለች።

«እርፍ ጨብጦ አያውቅ፣ ዘር ዘርቶ አያጭድ፣
ደጅ ለደጅ ይዞራል፣ እንጀራ ሲያሳድድ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዝም በሉ የተባሉት ሁሉ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ዓለምዬ «እሰይ የኔ እህት!» አለቻት። ልጄ ከእኔ ጋር ዝምድና እንደሌላት አስመሰከረች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተቀበልሁ። በሚያምር ዜማ፣ ደጋግሜ ዘፈንሁት። እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ የሌላ ሰው ልጅ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ግን ተራው የእኔ ነው። ግጥም የሰጠን ሰው ከነአባቱ ስም ጠርቶ ማወደስ የአዝማሪ ወግ ነው። ያዝሁሽ አልሁ በልቤ። ተነስቼ ፊት ለፊቷ ቆምሁና «የኔ እመቤት፣ የማን ልጅ ብዬ ላወድስሽ?» አልኋት።

ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ንገሪው እንጂ!» አለች ዓለምዬ እየሳቀች።

ፍቅርአዲስ ቀና አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። በቃ ልትለው ነው ብዬ፣ ምን ልደብቅ፣ ያን ሁሉ ስድብ ይቅር አልኋት። ልጄ አይደለች?

«አባቴ ሞቷል» አለች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ዓለምዬ «ውይ! ምነው ሳትነግሪኝ!» ብላ ተጠመጠመችባት። ሁሉም እኔን ማየት ጀመረ። እነሱ አዝማሪው ምን ይል ይሆን ብለው ነው የሚጠብቁት። ልጄ ግን የምትጠብቀውን ታውቀዋለች፤ አንገቷን ደፍታለች። አንዲት ቃል ብናገር እዚያው አዋርዳታለሁ። ያቺ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች።

አልተናገርሁም። ለእሷ አዝኜ አይምሰላችሁ። የተሰጠኝን መቀበል ሙያዬ ስለሆነ ነው። የመሰንቆውን ቅኝት ወደ ለቅሶ መለስሁ።

«ልጁን አሳድጎ፣ ለትምህርት አብቅቶ፣
ምርቃቷን ሳያይ፣ ቀረ አፈር ገብቶ።»

ለገብረ ሚካኤል፣ ለራሴ፣ እኔው አለቀስሁለት። ደግነቱን፣ ብርድ የበላውን እግሩን፣ ለልጁ ሲል የዋለበትን የሰው ደጅ አንድ ባንድ አነሳሁ። ልጃገረዶቹ ተንሰቀሰቁ። «ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ፍቅርአዲስን ከበቧት። እሷም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቅሁም።

ቢራራ ዓይኑን እየጠረገ መጣ። «እንዲህ ያለ ቅዳሜ አይተን አናውቅም! ሌላም ጊዜ ይምጡልን» አለኝ። መሰንቆዬን ይዤ ወጣሁ።

መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ፍቅርአዲስ ናት። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ ደግሞ ጮኸ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሰለቻቸው መሰል «ኧረ ያንሱት፣ ሰው ቸግሮት ይሆናል» አሉኝ።

«ሙት ስልክ ያነሳል እንዴ፣ እትዬ?» አልኋቸው።