የሽበቱ መሀል

የሰፈሩ ሰው ጋሼ መቀስ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የወንድ ፀጉር ሲያስተካክል ኖሮ፣ ጉልበቱ አልቆምም ሲለው ሱቁን ለቅቆ ቤቱ ገባ። ቶንዶሱን፣ ወንበሩንና ደንበኞቹን ለተተካው ሰው ትቶ፣ መቀሱን፣ ማበጠሪያውንና ለደንበኛ ማጅራቱን የሚያሳይበትን የእጅ መስታወት ብቻ ይዞ መጣ። መቀሱ ከሸሚዙ ኪስ አይወጣም። ሚስቱ፣ "እሱን ይዘህ ከተኛህ አንድ ቀን ቅንድቤን ታነሳልኛለህ" ትለዋለች።

እሷ ሣር ታበቅላለች። ሣር ሲባል ለከብት የሚታጨደው አይደለም፤ ለዓይን ተብሎ የሚተከለው ነው። ከወጥ ቤቱ በር እስከ አጥሩ ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ሦስት ዓይነት አላት፤ ስማቸውንም ያወጣችው በባሏ ሙያ ለማሾፍ ነው። አንዱ ጎፈሬው ይባላል፤ ክብ ሆኖ ያደገ፣ ነፋስ ሲመጣ ጭንቅላቱን ሙሉ የሚነቀንቅ። ሁለተኛው ሉጫው ነው፤ ቀጥ ብሎ የሰው ቁመት ያህላል። ሦስተኛው ሽበቱ ነው። ሽበቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። ሌሎቹ በበጋ ሲደርቁ እሱ መልኩን አይለውጥም። "አንተ ሱቅህ ስትውል እኔም እዚህ ደንበኞች አሉኝ" ትል ነበር።

ከሦስቱ ግን ሽበቱ ይለያል። ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ሲዞሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተተክሎ አብሯቸው ዞሯል። ዕቃ በተጫነ ቁጥር አልጋውም ቁም ሳጥኑም ከኋላ ይወረወራል፤ ሽበቱ ግን ጋቢና ውስጥ፣ እቅፏ ላይ ነው። የራሳቸውን ቤት ያገኙ ዕለት፣ መጋረጃ እንኳ ሳይሰቀል፣ መጀመሪያ መሬት የያዘው እሱ ነው።

በጋው ሊያልቅ ሲል ልጃቸው በሌላ ከተማ ወለደች፤ ሚስቱም ልታርሳት ሄደች። አንድ ጠዋት ከዚያ ደወለች።

"ሰማህ? ዝናቡ ሊገባ ነው። ጎፈሬውንና ሉጫውን ቁረጥልኝ። አሮጌው ደርቋል፤ አዲሱ ከሥር ሊወጣ ነው። መጀመሪያ ወገባቸውን በሻሽ እሰረው፣ እንዳይበተንብህ። ከዚያ ከመሬት አንድ ስንዝር አስቀርተህ ሌላውን አንሳው።"

"ሽበቱስ?"

"ሽበቱ አይቆረጥም። በጣትህ ብቻ አበጥረው፤ የሞተው ራሱ ይወጣል። መቀስ እንዳታስጠጋው።"

"እኔን ፀጉር ልታስተምሪኝ ነው እንግዲህ።"

"ፀጉርማ ታውቃለህ። እኔ ያልኩህ ሣር ነው።"

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነበር። ጎፈሬው ፊት ሲቆም ግን እጁ እምቢ አለ። ከመሬት አንድ ስንዝር ማለት እሱ ዘንድ ቅማል ለወረሰው ራስ የሚደረግ ነው እንጂ እንዲህ ላማረ ጎፈሬ የሚደረግ አይደለም። ስለዚህ ሻሹን ከተሰቀለበት ሳያወርድ፣ ዙሪያውን እየዞረ ክብ አድርጎ ከረከመው። የሉጫውንም ጫፍ አስተካክሎ፣ ራቅ ብሎ አየውና ደስ አለው።

"ለሠርግ ነው ለሥራ ቅጥር?" የሚል ድምፅ ከአጥሩ በላይ መጣ።

ጎረቤቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር። ከወንበር ሲነሳ እንኳ ወዴት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ በእጁ ስለሚያመለክት ፍሬቻ ይሉታል። በዚያ በኪራዩ ዘመን የእነዚህን ባልና ሚስት ዕቃ ከሰፈር ሰፈር ያመላለሰው እሱ ነው።

"አንተ ፀጉር ስለሌለህ ቀንተህ ነው" አለው ጋሼ መቀስ።

"እኔማ ተመላጭቼ ዐረፍኩ። በል በርታ" አለና ፍሬቻ ግራውን ጠቁሞ በግራ ሄደ።

ቀጥሎ ሽበቱ ነው። ጋሼ መቀስ በጣቱ ሞከረው፤ ጣቱ ወፈረበት። እንዲህ ለቀጠነ ነገር ጣት ምን ያደርጋል ብሎ ማበጠሪያውን አወጣ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ማበጠሪያ ግራ እጁ ከገባ ቀኝ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሳያስበው መቀሱ ከኪሱ ወጣ። በቀኝ በኩል ብቅ ያለች አንዲት ጫፍ ነበረች፤ ቆረጣት። ያኔ ግራው ረዘመ፤ እሱንም ዝቅ አደረገው። አሁን ደግሞ ቀኙ ረዘመ። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት ጥፋት ናት፤ ሱቁ ውስጥ ስንቱን ተማሪ ተቆጥቶባታል። ቀና ሲል ሽበቱ ጣት አይሞላም።

መቀሱን ኪሱ ከተተና ተንበረከከ።

ቁርጥራጩን እየሰበሰበ ሳለ ፍሬቻ ተመልሶ መጣ። አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆጥሮ ሁለት ብቻ ሲያገኝ፣ "ሽበቱስ የት ሄደ?" አለ።

"ቆረጥኩት።"

ፍሬቻ የሚያሾፍ መስሎ ነበር፤ አላሾፈም። "ስማ መቀስ፣ ያን ቁልቁለት ስንወርድ ታስታውሳለህ? መኪናው ፍሬን አልይዝ ሲል አንተ እኔ ላይ ትጮሃለህ፤ እሷ ግን ቆርቆሮውን ይዛ 'አይዞህ' ትላለች። እኔን መስሎኝ ነበርኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ትላታለህ?"

"ይበቅላል እላታለኋ።"

"ይበቅላል?"

ጋሼ መቀስ መዳፉ ላይ ያለውን ቁርጥራጭ አገላበጠ። "አላውቅም" አለ በመጨረሻ።

ያቺ 'አላውቅም' ሌላውን ሁሉ ጭንቀት አልፋ ከነከነችው። ፀጉር ከየት እንደሚያድግ ያውቃል። ደንበኛ "ጫፉን ቶሎ ቶሎ ከቆረጥክልኝ ያድጋል" ሲለው ሲስቅ ነው የኖረው፤ ጫፍ ምን ያውቃል፣ የሚመጣው ከሥር ነው። ሣርስ? ይህን ሁሉ ዘመን በአጠገቡ ሲያልፍ፣ ከጫፉ ይርዘም ከሥሩ ይርዘም ጠይቆ አያውቅም። ከጫፉ ከሆነ ሽበቱን ገድሎታል። ከሥሩ ከሆነ ግን ተስፋ አለ።

ፍሬቻን መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሚስቱን መጠየቅ መናዘዝ ነው፤ ገና ልቡ አልደፈረም። ራሱ ሊያየው ወሰነ።

ከጎፈሬው ሥር አዳዲስ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብሎ ነበር። ከሚስቱ መሳቢያ ቀይ የጥፍር ቀለም አመጣና ተንበርክኮ አንዷን ቅጠል መረጠ፤ አንድ ነጠብጣብ ከጫፏ፣ አንድ ነጠብጣብ አፈሩ ጥግ አስቀመጠባት። ጢም እንደሚያነሳ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው። ከዚያ በየጠዋቱ ፊቱን ሳይታጠብ እየሄደ ያያት ጀመር። መጀመሪያ ምንም የለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አፈሩ ጥግ የነበረችው ቀይ ነጠብጣብ ከፍ ብላ ቆየችው። ከሷ በታች ቀለም ያልነካው ንጹሕ አረንጓዴ ወጥቷል። ከሷ በላይ እስከ ጫፏ ነጠብጣብ ያለው ግን እንደነበረው ነው፤ ምንም አልረዘመም።

"ከሥር ነው" አለ ብቻውን። "ከሥር ነውኮ፣ እንደ ፀጉር።"

ያን ጠዋት ሌላም ነገር ገባው። ክብ አድርጎ የከረከመው ጎፈሬ አላማረም፤ አዲሱ አረንጓዴ የአሮጌውን ጭድ መሀል እየገፋ፣ ከቆሸሸ ኮፍያ ሥር እንደሚወጣ ፀጉር ሆኗል። ሚስቱ ስንዝር ያለችው ለካ ለዚህ ነው። ሄዶ ሻሹን አወረደ፤ የጎፈሬውንም የሉጫውንም ወገብ አስሮ፣ ቡቃያውን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ በስንዝር ልክ ቆረጣቸው። ደረቁ ሣር ሳይበተን እንደታሰረ በአንድ እቅፍ ተነሳ።

ቀረ ሽበቱ። ሽበቱ ላይ ነጠብጣብ የሚደረግበት ቅጠል የለም። ታዲያ ሥሩ በሕይወት መኖሩ በምን ይታወቃል? መስታወቱን አመጣ። ለደንበኛ ማጅራቱን እንደሚያሳይ አድርጎ ይዞ፣ የጠዋቱን ፀሐይ እያጠፈ ወደ ውስጥ ላከው። ብርሃኑ ሽበቱ መሀል ሲያርፍ የሚያየውን ማመን አቃተው።

መሀሉ መላጣ ነው። በጣቱ ሲነካው እንደ ዱቄት ተበተነ፤ ቡናማ፣ የበሰበሰ፣ ግማሹ አፈር የሆነ። በሕይወት ያለው ዙሪያው ብቻ ነው። ክቡን ይዘው፣ እዚህም እዚያም፣ ሰማያዊ ሹል ጫፎች ብቅ ብለዋል። ጋሼ መቀስ ራስ ያውቃል፤ የሰሞኑን መቆረጥና የቆየ መላጣ መለየት አያቅተውም። ይህ የሱ መቀስ ሥራ አይደለም፤ ዓመታት የፈጀ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ሳይታይ ቀረ? ረጅም ፀጉር ከጎን እየመጣ መሀሉን ሸፍኖት ነዋ። እንዲህ ዓይነት ራስ ሱቁ ስንት ጊዜ መጥቷል። ግን ፀጉር በራሱ ፈቃድ ተሻግሮ መላጣ አይሸፍንም፤ የሚያበጥረው ሰው አለ።

ወደ ቤት ገብቶ ደወለ።

"ሕፃኑ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው፤ ከኋላ በኩል ግን ትራሱ ፀጉሩን በላው፤ ልጅህ ሐሳብ ገብቷታል።"

"ይመለሳል በያት። እንደዚያ የሆነው ሁሉ ይመለሳል።" ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ። "ስሚ፣ ሽበቱን ቆርጬዋለሁ።"

ሕፃኑ ሲነጫነጭ ይሰማዋል።

"ምን ያህል?"

"እስከ ታች። ማበጠሪያ ያዝኩ፣ ከዚያ እጄ... እጄን ታውቂዋለሽ።"

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ የተቆጣ ግን አልነበረም። "መሀሉን አየኸው?"

"አየሁት።"

"እኔ ነኝ የምሸፍነው" አለች። "በየጊዜው ከጎን ከጎን እያመጣሁ። ሌላውን ሣር ስንቴ ነቅዬ፣ ስንቴ ከፋፍዬ ለጎረቤት አድያለሁ፤ መሀሉ ሲሞት መድኃኒቱ እሱ ነው፤ የሞተውን ጥሎ ዳር ዳሩን መትከል። እሱን ግን... ነቅዬው ባይዝስ? ስለዚህ አበጥረዋለሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።"

"ሱቅ እንዲህ ሆነው የሚመጡትን ምን እላቸው እንደነበር ታውቂያለሽ?"

"ምን ትላቸው ነበር?"

"ምንም። አብሬ አሻግሬ አበጥርላቸው ነበር።"

ሳቀች። ሳቋ አንጀቱን አራሰው። "እስክመጣ እንዳትነካው" አለችው፤ "የምሬን ነው።"

የመጣችው የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ካለሰለሰው በኋላ ነው። ሻንጣዋን ኮሪደር ላይ ትታ፣ የመንገድ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈች። ሽበቱ ፊት ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ መቆፈሪያ አምጣ አለችው፤ ዙሪያውን ቆፍረው ከነአፈሩ አንስተው ጋዜጣ ላይ አጋደሙት። የወጥ ቤት ቢላዋውን ይዛ ተጠጋች። ቢላዋው ሥሩ ላይ አረፈ፤ ግን ወደታች አልሄደም።

"ያዝ፣ አንተ ቁረጠው" አለችው።

"እኔን አምነሽ?"

"ያንተ እጅ አንዴ ከጀመረ አይቆምም። አሁን የቸገረኝ እንደሱ ያለ ነው።"

ጋሼ መቀስ ቢላዋውን ተቀበለ። እሷ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እዚያ ፍሬቻ ቆሟል፤ ዛሬ ወዴትም አያመለክትም። ቢላዋው ሲገባ እንደ ደረቅ ዳቦ ተንኮሻኮሸ። መሀሉ ተፈርፍሮ ጋዜጣው ላይ ቀረ፤ ዳር ዳሩ አራት ቁራጭ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ነጭ ሥሩን አንጠልጥሎ ወጣ።

"አንዱ የኔ ነው" አለ ፍሬቻ። "ስንት አገር ነዳሁት።"

"ውኃ ካላጠጣኸው እመጣልሃለሁ" አለችውና በአጥሩ በላይ አቀበለችው። ሦስቱን ራሷ ተከለቻቸው፤ አፈሩን በመዳፏ ጠቀጠቀችው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ ነው። ወጥ ቤቱ በር ጥግ ያለው ደረቀ፤ ፍሬቻም ስለወሰደው ቁራጭ ሲጠየቅ ወሬ ይለውጣል። የሁለቱ ነገር ግን አልለየለትም፤ አልሞቱም፣ አላደጉም። መሀል ላይ ያለው ቅጠል ብጤ ነበረው። አንድ ቀን እሷ መሳቢያዋን ከፍታ፣ "የጥፍር ቀለሜን ምን ጠጣው?" አለች። ነገራት። ሳቅ ሳትጨርስ ጠርሙሷን ይዛ ወጣች፤ ከቀጭኖቹ ቅጠሎች አንዱ ላይ፣ አፈሩ ጥግ፣ በራሷ እጅ አንድ ነጠብጣብ አደረገች።

አንድ ጠዋት ሲነቃ አልጋው ላይ አልነበረችም። ከጓሮ ተንበርክካ አገኛት። እጇን ዘረጋች፤ ገባውና መስታወቱን አምጥቶ ከኋላ ያዘላት፤ ፀሐይዋን አጥፎ ወደ ሥሩ ላካት። ቀይዋ ነጠብጣብ አለች። ከነጠብጣቧና ከአፈሩ መካከል ክር የምታህል፣ ቀለም ያልነካት ሰማያዊ ነገር ያለች ይመስላል። ወይ ጥላ ነው። ጎንበስ አለ።

"እንዴት ነው?" አለ፣ ደንበኛን እንደሚጠይቀው።

ደንበኛ ሁልጊዜ፣ ባያምረውም፣ "ጥሩ ነው" ይላል። እሷ አላለችም። ዓይኗን ሳትነቅል ጉንጯን ወደ አፈሩ አስጠጋች።

"ቆይ" አለች፤ "መስታወቱን አታንሳው።"